መገነዣዬ የዞረበት ሳምንት

እናንተዬ፣ ሰው በቁሙ የራሱን የለቅሶ ንፍሮ ይቀምሳል? እኔ ቀምሻለሁ። ጨው አንሶታል።

እንዲህ ብዬ ስጀምር የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ማህሌት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «እማማ፣ እንዲህ አይጀመርም፤ ሰው ምኑም አይገባውም» አለችኝ። እሺ። ፊደል የቆጠረችው እሷ ናት። እኔ በጣቴ የምፈርም ሴት ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው ለቡ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ፣ ልጄ ውድነሽ፣ የሷ ሁለት ሴቶች ልጆች፤ ትልቋ ይቺ ማህሌት፣ ትንሿ ቤዛ። የውድነሽ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የሚኖረው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው ብል ይቀላል። እቤት ሲመጣ ቤዛ እንግዳ መጣ ብላ ጸጉሯን ታበጥራለች። ድሮ ጎፋ ነበርን፣ ግቢ ውስጥ። ግቢው ፈረሰና ወደዚህ መጣን።

ፎቁ ክፉ አደለም። ግን ገና ከገባን ጀምሮ ደረጃው አስጨነቀኝ። መውጣቱ አደለም፤ በዝግታ ይወጣል። መውረዱ ነው። የመጨረሻውን መውረድ ነው የምላችሁ። ሁለተኛ ፎቅ ጋ ሲደርስ እንደ አንጀት ይጠመዘዛል። የሬሳ ሳጥን እንዴት አድርጎ ያልፋል? ይሄን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን ሰው የለም ብዬ ወጣሁና መጠምዘዣውን በክንዴ መለካት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ብረቱ ጋ ስደርስ ተጎንብሼ፣ እንደገና ተነስቼ። አንድ ጎረምሳ ጎረቤት ከኋላዬ መጣና «እማማ፣ ፍሪጅ ሊያስገቡ ነው?» አለኝ። «አዎ ልጄ፣ ትልቅ ፍሪጅ» አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይሄን ለውድነሽ መንገር አይቻልም። ውድነሽ ሞት የሚባለው ነገር ደጃፏ እንዲደርስ አትፈልግም። «እኔ ስሞት» ብዬ አፌን ስከፍት «እማዬ!» ብላ ትጮህና ቴሌቪዥኑን ከፍ ታደርገዋለች። ከእድሩ የስልክ ግሩፕ እንኳ ወጥታለች። መዋጮውን በወሩ ትሰጣለች፣ ወሬውን ግን መስማት አልፈልግም ብላ። አልፈርድባትም። ምክንያት አላት።

ባሌ ያረፈው በፋሲካ ማግስት ነው። ሱቅ ሁሉ ዝግ። መገነዣ የሚሆን አቡጀዴ ጠፋ። ውድነሽ ያኔ ያላገባች ልጅ ናት፣ ወንድም የላት፣ እህት የላት። ከጎፋ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ተመልሳ ቄራ፣ በእግሯ እየሮጠች የሰው በር ስትቆረቁር ዋለች። ሰው ዶሮውን ከቦ ተቀምጦ፣ እሷ «አባቴን የምሸፍንበት ስጡኝ» ትላለች። መጨረሻ ላይ አንድ ባለሱቅ አዘነላትና ከፍቶ የተረፈችውን ቁራጭ ሰጣት። አመጣችው። አጠረ። ባሌ ረጅም ሰው ነበረ። ከራሱ ሲጀምሩ እግሩ ቀረ። ገናዦቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ቀድጄ የእግሩን በሱ ሞላነው። ቀና ስል ውድነሽ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። የት እንደጣለችው አታውቅም። እግሯ ጭቃ ነው፣ ፊቷን ግን አልነግራችሁም። እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለዚህ ነው የራሴን ቀድሜ የገዛሁት። እኔ ስሄድ ልጄ እንዳትሮጥ። በቃ፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ጎፋ ገበያ ሄድኩና አሥር ክንድ አቡጀዴ አስቆረጥኩ። ባለሱቁ «ለአንሶላ ነው እማማ?» አለኝ። «አዎ፣ እንቅልፌ ከባድ ነው» አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ጠበል አስረጨሁት። ከአንድ ጧፍና ከአንድ አዲስ ሳሙና ጋር አልጋዬ ሥር ካለችው የቆርቆሮ ሻንጣዬ ውስጥ ከታች አስቀመጥኩት። ቤቱ ባዶ ሲሆን አወጣና ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ልክ ለሠርግ የተሰፋ ቀሚስ እንዳላት ልጅ። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔን ግን እንደዛ ጨርቅ የሚያሳርፈኝ ነገር የለም።

እንግዲህ ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ፣ ዝናቡ ከላይ፣ ልጆቹ ከውስጥ። የታጠበ ልብስ አይደርቅ፤ ውድነሽ ሳሎኑን በገመድ ከፋፍላው አጎንብሰን ነው የምንሄደው። ቀና ያለ ሰው የቤዛ ካልሲ ፊቱን ይጠርገዋል። መብራት ይሄዳል፣ ቴሌቪዥን የለ፣ ልጆቹ ተረት አውሪልን ይሉኛል። የማውቀውን በሦስት ቀን ጨረስኩ፤ ከዛ በኋላ ያለውን ከራሴ ነው ያወራሁት። ቤዛ «ይሄ ጅብ ትናንት ሞቶ አልነበር?» ስትለኝ «ያ ወንድሙ ነው» እያልኩ።

ሰኞ ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ ዝናቡ አገኘኝ። እስከ አጥንቴ ርሼ ገባሁ። ደረቅ ነጠላ ላውጣ ብዬ ሻንጣዬን ሳብ አድርጌ ከፈትኩ። ነጠላው አለ። ጧፉ አለ። ሳሙናው አለ። መገነዣዬ የለም።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ዓይነት ሌባ ነው መገነዣ የሚሰርቅ? ሳሙናውን ትቶ! ወይስ እግዜር ነው ገና ነሽ ሊለኝ የፈለገው? ዓርብ ለት ነክቼዋለሁ፤ እጄ ያውቃል። ጮኼ እንዳልጠይቅ ውድነሽ ማታ ትመጣለች፣ ልጆቹ ይነግሯታል። ስለዚህ በብልሃት ልጠይቅ አልኩ።

«ልጆች፣ ነጭ ነገር አይታችኋል?»

«ምን ዓይነት ነጭ ነገር?» አለች ቤዛ።

«እንዲያው ነጭ።»

ቤዛ ሄዳ ጨው አመጣችልኝ። አደለም አልኳት። ፎጣ አመጣች። አደለም። ቀጥሎ የጎረቤት ድመት ታቅፋ መጣች። ማህሌት ደግሞ ሆዴን ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቶሎም አልወጣች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ይኸው አሁንም አንገቷን ደፍታ ነው የምትጽፈው። ግድ የለም፣ ጻፊ።

ማክሰኞ በረንዳ ላይ ቆሜ ዓይኔ ወደ ጎን ሄደ። በስተግራ የሩት እናት ትኖራለች። ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፣ ሩት የምትባል ልጇ የቤዛ እኩያ ናት። መስኮቷ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሰፊ። ወፍራም። ልክ የኔን የሚመስል። ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው፣ በጾም ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ግን እግሬ ብቻውን ሄዶ በሯን አንኳኳ።

«እማማ! ይግቡ፣ ይግቡ። ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ወንፊት ፈልጌ ነው።»

«ወንፊት? እሺ፣ አመጣልዎታለሁ።»

«ይሄ መጋረጃ አዲስ ነው?»

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው የሰቀልኩት። ያምራል አደል?»

ቅዳሜ! እኔ ዓርብ ነው የነካሁት። እሷ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ዘልዬ ተነሳሁና ጨርቁን በክንዴ መለካት ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ስድስት ላይ አለቀ። የኔ አሥር ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ከጫፉ ጀመርኩ። ስመለከት ወንፊቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ መጋረጃዋን ጨብጬ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ።

የምጸልይ መሰላት። ወንፊቱን አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ራሴ ላይ ጫነችና ጀመረች። እኔ የማርያም ጾም ላይ ያለሁ ሴት፣ ምን ልሁን? እጇን ላንሳ? ጥሩ ጸሎት ነበር ደግሞ። «ጌታ ሆይ፣ ከዚች እናት ልብ ውስጥ የጠፋውን አንተ መልስላት» ስትል እንባዬ ዱብ አለ። አሜን አልኩ። ምን ይደረግ፣ አሜን አሜን ነው።

ከዛ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ባሌን፣ አጭሩን ጨርቅ፣ የውድነሽን እግር፣ ሻንጣዬን። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«እናቴ ሶዶ ስታርፍ አልደረስኩም» አለች። «መንገድ ላይ ነበርኩ። በምን እንደሸፈኗት አላየሁም። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፣ በምን ይሆን የሸፈኗት እያልኩ።»

ሁለታችንም መጋረጃውን አየን።

«እንፈልገዋለን» አለችኝ። «ከሚታጠብ ልብስ ጋር ወጥቶ፣ ነፋስ ከገመድ ወስዶት ታችኛው ፎቅ ወድቆ ይሆናል።»

«ውድነሽ እንዳትሰማ ብቻ።»

«ውድነሽ አትሰማም እማማ።»

ቃሏን ጠበቀች። ውድነሽ የሌለችበት ቦታ የት ነው? የእድሩ ግሩፕ። እዛ ላይ ረቡዕ ጠዋት እንዲህ ብላ ጻፈች። በኋላ ማህሌት አንብባልኛለች፤ እንዳለ ላስጽፈው፤ «ሦስተኛ ፎቅ እማማ ጋ መገነዣ ይፈለጋል። ያገኛችሁ ቶሎ በሉ። ውድነሽ እንዳትሰማ።»

አሁን እናንተ ራሳችሁ አንብቡትና ፍረዱ። በኛ አገር መገነዣ የሚፈለገው መቼ ነው? ልጅ እንዳትሰማ የሚባለውስ መቼ ነው? ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ለጉልበቷ ደጋፊ እስኪገኝላት ድረስ ለልጅ አይነገርም። የሚያረዱ ሰዎች ይመረጣሉ፣ በወጉ ነው የምትረዳው። በዛ ላይ ያን ለት ጉልበቴን ቆርጥሞኝ ቅዳሴ ቀረሁ። «እማማን ዛሬ አላየናትም» ተባባሉ። በቃ፣ አለቀ። ሞትኩ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ ወጥተዋል፣ የት እንደሆኑ አልነገሩኝም። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በራችን ጋ ሲደርስ ቆመ። በዝግታ ሄድኩና ከፈትኩ።

ደረጃው ሙሉ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ከፊት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደለ ጃንጥላውን እንደ ከዘራ ይዞ። አንዷ ገና በሩ ሲከፈት «እማማዬ!» ብላ ጀመረችና አየችኝ። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

እነሱ በኔ ደነገጡ። እኔስ? እኔ ያየሁት የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው። በቁመት የተሰለፈ ሰው፣ ማንም ዓይኔን የማያይ። መርዶ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ልጆቹ ከግቢ አይርቁም፤ በጠዋት ከተማ የወጣችው ልጄ ናት። ታክሲ፣ ዝናብ፣ ጎርፍ።

«ውድነሽ ምን ሆነች?» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። በሩን ለቅቄ ደረጃውን ልወርድ ስል የሩት እናት ከመሃል ዘላ ያዘችኝ።

«ውድነሽ ምንም አልሆነችም! ደህና ናት እማማ!»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ጋሽ ታደለ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እማማ፣ እርስዎ… አልሞቱም?»

«ጠዋት አልሞትኩም ነበር» አልኩት። «አሁን ግን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።»

ሞተች ሲሏት አምና አብራ የመጣችው የሩት እናት ራሷን ያዘች። ስልኳን አውጥታ የጻፈችውን እንደገና አነበበችና ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተንሸራተተች። እኔ ልቆጣት አልቻልኩም። ለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ከበር አይመለስም። ግቡ አልኳቸው። በልብስ ገመዶቹ ሥር እያጎነበሱ ገቡ፤ ጋሽ ታደለ ከቤዛ ካልሲ ሥር ተቀመጠ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ንፍሮውን ቀቅለው ጨርሰዋል፣ የት ይጣል? ወጣ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል፣ ጾሙም ተፈታ። ቀመስኩት። ጨዉን ነግሬያችኋለሁ።

ሰው ዕድሜ ልኩን የማያገኘው ዕድል ደግሞ መጥቶልኛል። ወደ ጋሽ ታደለ ጠጋ አልኩ።

«ለመሆኑ እንዴት ልታወርዱኝ ነበር?»

«ኧረ እማማ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!»

«ንገረኝ ታደለ። ሳጥኑን በምን ታዞሩታላችሁ?»

አፈረ። ንፍሮውን አኘከ፣ አኘከ። «ሁለተኛ ፎቅ ጋ ቀጥ አድርገን አቁመን… ብለን ነበር ያሰብነው።»

«እኔ አልቆምም። ጉልበቴን ያመኛል። ልኬዋለሁ፤ የደረጃውን መደገፊያ ብረት በላይኛው በኩል ብትነቅሉት ተኝቼ አልፋለሁ።»

ከኪሱ ደብተር አወጣና ጻፈው። እውነቴን ነው፣ ጻፈው። ያ የስንት ዓመት ጭንቀት ከደረቴ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ። ለትንሽ ጊዜ ጥሩ ለቅሶ ሆኖ ነበር።

ከዛ ትዝ አለኝ። «ውድነሽን ማን ነው ሊያረዳት የታሰበው?»

ተያዩ። ሁለት ሰዎች ቀድመው መሥሪያ ቤቷ ሄደዋል።

«ደውሉ! መልሷቸው!»

ተደወለ። ደርሰዋል። ነግረዋታል። ሞተች አላሏትም፣ «እናትሽ ትንሽ አሟታል፣ እንሂድ» ነው ያሏት። ትንሽ አሟታል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የኛ ሰው አለ? ውድነሽ ጃኬቷን እንኳ ሳትይዝ፣ እነሱን እዛው ጥላ ወጥታለች። ስልኳ አይነሳም።

እዛ ተቀምጬ የጠበቅኩት ጊዜ ከባሌ ሬሳ ጋር ከተቀመጥኩት ይረዝማል። ሰዉ ንፍሮውን ተወ። በመስኮት የሚያየው፣ ደረጃ የሚወርደው። ለካ ታክሲዋ ሀይሌ ጋርመንት ጋ በጎርፍ ቆማለች። ውድነሽ ወርዳ፣ ከዛ እስከ ለቡ በእግሯ ሮጣለች። በዛ ዝናብ። 

በሩ ተከፈተ። ከጸጉሯ ውሃ ይወርዳል። ያን ሁሉ ነጠላ አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች፣ ሳህን ይዤ። አልጮኸችም። መጣችና እግሬ ሥር ተንበርክካ ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አደረገች።

«ትሞቂያለሽ» አለች።

«እሞቃለሁ ልጄ።»

ዝቅ ብዬ እግሯን አየሁት። አንዱ ጫማ የለውም።

እዚህ ላይ ጋሽ ታደለ ቀደም ብሎ አግዳሚ ወንበር እንዲያመጡ የላካቸው ልጆች ተመለሱ። ወንበሩ የሚቀመጠው በጋራ ቤቱ ውስጥ ነው፣ በግ የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚወቀጥበት። ወንበር ሊያመጡ ገብተው፣ በአራት አግዳሚ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኙ። ውስጡ ሦስት ልጆች ቁጭ ብለው ቆሎ ይበላሉ። ድንኳኑን አፍርሰው፣ ወንበሩንም ጨርቁንም ልጆቹንም ይዘዋቸው መጡ።

«ቤታችንን አፈረሱብን!» እያለች ቤዛ ታለቅሳለች። ሩትም ታለቅሳለች። ማህሌት አታለቅስም፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምትሄደው።

የኔው አሥር ክንድ ነው። ጭቃ ጠጥቷል። ጫፉ ላይ በርበሬ። መሃሉ ላይ በመቀስ መስኮት ተቆርጦለታል፣ አንደኛው ወገን በጥቁር ነገር ተሞነጫጭሯል፣ ጉንዳን ተሰልፎ የሄደበት ይመስላል።

«ነጭ ነገር ብለሽ ነው የጠየቅሽን» አለች ቤዛ እየተንሰቀሰቀች። «ያኔ ነጭ አልነበረም እኮ፣ ቆሽሾ ነበር።»

ውድነሽ ጨርቁን አየችው። እኔን አየችኝ። የገባት ይመስለኛል፣ ግን ከኔ አፍ ፈለገችው።

«ምንድነው ይሄ እማዬ?»

«መገነዣዬ ነው። እኔ ስሄድ ሱቅ ለሱቅ እንዳትሮጪ ብዬ ነው የገዛሁት።»

ጫማ የሌለውን እግሯን ወደ ፊት ዘረጋችና፣

«ይኸው ሮጥኩ» አለች።

ጨርቁን ጠቅልላ ይዛ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን ዘጋች። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሳ። «እንኳን ቀረ» እያሉ ሳሙኝ። የሩት እናት ንፍሮ የተበላበትን ሳህን ሁሉ አጥባ ነው የሄደችው።

ሐሙስ ውድነሽ አላናገረችኝም። እራቴን ታቀርባለች፣ መድኃኒቴን ታስቀምጣለች፣ ዓይኔን አታይም። ዝናቡም አላባራም። ልጆቹ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ያን ያህል ጸጥታ እኔ የሞትኩ ቀን እንኳ ቤታችን ውስጥ አልነበረም፤ የሞትኩ ቀን እንዲያውም ሞቅ ያለ ነበር።

ዓርብ ከቅዳሴ ስመለስ ውድነሽ ከሥራ ቀርታ መታጠቢያ ቤት ሆና ታጥባለች። ጨርቁን። በበረኪና፣ በሳሙና፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ። ጭቃው ለቀቀ። ጥቁሩ ጽሑፍ ግን እምቢ አለ፤ ማርከር ነው ይሉታል። ሳሎን ውስጥ ባለው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ከሥሩ አጎንብሰን እራት በላን። እንዲህ ያለ እራት በልታችሁ አታውቁም። መገነዣችሁ ከራሳችሁ በላይ ተሰቅሎ ሹሮው ውስጥ ጠብ ይላል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ የሞተ ጊዜ» አለች፣ ቴሌቪዥኑን ሳትከፍት፣ «ከዛን ቀን ጀምሮ ስልክ ባላወቅሁት ቁጥር ሲጠራ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጫማዬ ነው። ታውቂያለሽ?»

«አላወቅኩም።»

«ቢሮ ውስጥ እንኳ ጫማዬን አላወልቅም። ሰዉ ሁሉ ጠረጴዛው ሥር ነጠላ ጫማ ያደርጋል፣ እኔ አላደርግም። ሮጬ መድረስ አለብኛ።» ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ የሚያስሮጠኝ ጨርቁ አልነበረም።»

እኔ እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ጨርቁ መስሎኝ ነበር። አሥር ክንድ ብገዛላት የምታርፍ መስሎኝ ነበር። በሬ ላይ ያን ሁሉ ነጠላ ተዘቅዝቆ ሳይ ግን ገብቶኛል። ያን ሰዓት ጨርቅ ያሰበ ማን ነው?

«ስትደርሺ ባልሞቅ እንኳ» አልኳት፣ «ሮጠሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ። ይሄን ከአሁኑ ያዢልኝ። ተራመጂ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ ጫማሽን አድርገሽ። እኔ የትም አልሄድም ያኔ፤ ታደለ ብረቱን እስኪነቅል ብዙ ነው።»

ሳቀች። እያለቀሰች ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቀች። ከዛ በመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጄ በገዛ አፏ፣ «የት ነው መቀበር የምትፈልጊው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አባቷ ጎን። ስለ ገናዦቹ ነገርኳት። ስለ ንፍሮው ጨው አደራ አልኳት።

እሑድ ዝናቡ ለትንሽ ጊዜ አቆመና ጨርቁ ደረቀ። ውድነሽ ወለሉ ላይ ዘርግታ በክንዷ ለካችው። መስኮቱ የተቆረጠበትን ጠቅማ ስታገናኘው አጠረ። ተያየን። ሁለታችንም ያ ቀን ነው የታየን። ተነሳች፣ ከቁም ሳጥኗ አንዱን ነጠላዋን አወጣች፣ ጥበቡን ፈታች፣ እግሩ በሚመጣበት በኩል መስፋት ጀመረች።

ስትጨርስ መቀሱን አነሳች። «ይሄን የተጻፈበትን ደግሞ ቆርጠን እናውጣው፣ በንጹህ እተካዋለሁ።»

«ቆይ» አልኩ። «ምን ይላል?»

ማህሌት ጣራ ጣራ ታያለች።

«ምን ይላል እኮ? የኔ ጨርቅ ላይ ነው የተጻፈው፣ ይነበብልኝ።»

የጻፈችው ማህሌት ናት፣ ይቺው አሁን የምትጽፍልኝ እጅ። ተንበርክካ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። «የቤዛና የሩት ቤት። መግቢያ አንድ እፍኝ ቆሎ። እማማ በነጻ።»

«እኔ ለምን በነጻ?»

«ጥርስ የለሽማ» አለች ቤዛ። «ቆሎ ከየት ታመጫለሽ? ውጭ ዝናብ ላይ ቆመሽ እንዳትቀሪ ብለን ነው።»

ውድነሽን መቀሱን አስቀምጪ አልኳት። አስቀመጠች። ጨርቁን እንደ ድሮው አጠፍነው፣ ጽሑፉ ከላይ እንዲሆን አድርገን። አሁን ሻንጣው አልጋዬ ሥር አደለም፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ነው። ለገናዦቹ አደራ ብያለሁ፣ ለጋሽ ታደለም በደብተሩ አስጽፌያለሁ፤ ያ የተጻፈበት ወገን በደረቴ በኩል ይሁን፣ ወደ ውጭ።

እኔ ማንበብ አልችልም። ባዶ እጄን ነው የምሄደው፣ ይሄን ሠራሁ የምለውም ብዙ የለኝም። እዛ በር ላይ የሚቆመው ግን ፊደል ሳያውቅ አይቀርም።